ከባሕር ሥር ያረፉት የአቃባ አውሮፕላኖች

ጆርዳን ወደ ባሕር የምትወጣው በአቃባ በኩል ብቻ ነው። ጠረፏ 27 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ወደቡም፣ ፋብሪካውም፣ ሆቴሉም፣ የኮራል ሪፉም በዚያችው ላይ ተፋፍገዋል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ትራይስታር የተባለውን ግዙፍ የመንገደኞች አውሮፕላን ሆን ብላ ስታሰጥም ብዙዎች ለቱሪስት የተዘጋጀ ትርኢት አድርገው አዩት። ለእኔ ግን ትልቁ ፋይዳው ጠላቂውን ከሕያው ኮራል ላይ ገለል ማድረጉ ነው።

ልማዱ የተጀመረው በመርከብ ነው። ሴዳር ፕራይድ የምትባል የሊባኖስ የጭነት መርከብ በ1982 አቃባ ላይ ተቃጥላ ከሥራ ውጭ ሆነች፤ በ1985 ለጠላቂዎች ተብላ ሰጠመች። ዛሬ የብረት አካሏ ለስላሳ ኮራል ለብሷል። በ2017 ሲ-130 የተባለ የጦር ማመላለሻ አውሮፕላን ተከተለ፤ ቀጥሎም ትራይስታሩ መጣ። እሱ ከ15 እስከ 28 ሜትር ጥልቀት ላይ ተኝቷል፤ ጠላቂው በበሩ ገብቶ፣ በወንበሮቹ አጠገብ እየዋኘ፣ አብራሪዎቹ ይቀመጡበት እስከነበረው ክፍል ይዘልቃል።

አውሮፕላን ለዚህ ሥራ አይሆንም የሚሉ ሰዎች በቂ ማስረጃ አላቸው። ማያሚ አቅራቢያ በ1993 የሰጠመውን ቦይንግ 727 በዓመቱ ጎርደን የተባለው ማዕበል ሰባበረው። የአቃባውም ሲ-130 ከማዕበል አላመለጠም። ለበረራ የተመረጠው ቀላል አልሙኒየም ባሕር ውስጥ ድክመት ይሆናል፤ ክንፉም የውሃውን ግፊት ይቀበላል። ይህ ግን ስለ ቦታ ምርጫና ስለ አቀማመጥ የሚያስተምር እንጂ ሐሳቡን የሚያፈርስ አይደለም። በ2006 ካናዳ ውስጥ፣ ቼሜነስ አጠገብ፣ ቦይንግ 737 ሲሰጥም ከባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ በብረት መቆሚያ ላይ እንዲያርፍ ተደርጓል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ በሪፍ ስም ቆሻሻ መጣል ነው የሚለው፣ ከፍሎሪዳ የመጣ እውነት ነው። በ1970ዎቹ ኦዝቦርን ሪፍ ላይ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጎማ ተጣለ፤ ማሰሪያው ሲበጠስ ጎማው እየተንከባለለ የተፈጥሮውን ኮራል ጎዳ። ስለዚህ ከአውሮፕላን ነዳጁ፣ ዘይቱና ተገንጥሎ የሚሄደው ሁሉ አስቀድሞ መውጣት አለበት።

ሰው ሠራሽ ሪፍ ዓሣ ይሰበስባል እንጂ አያራባም የሚለውን ክርክር ሳይንቲስቶች ገና አልቋጩትም። ለአቃባ ግን ዋናው መለኪያ እሱ ሳይሆን ጠላቂው ከሕያው ኮራል ላይ መራቁ ይመስለኛል። ለዓመታት ያደገ የኮራል ቅርንጫፍ በአንድ የእግር ምት ይሰበራል፤ የሰሜን ቀይ ባሕር ኮራል ደግሞ ሙቀትን ከሌላው ዓለም ኮራል በተሻለ የሚቋቋም በመሆኑ ጉዳቱ የአቃባ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አውሮፕላኑን ሊያይ የመጣ ጠላቂ በዚያው ቀን ኮራሉም ላይ ከዋኘ ትርፉ ሁሉ ይጠፋል። የአቃባ ባለሥልጣናት ሌላ አውሮፕላን ከማስጠማቸው በፊት በተፈጥሮው ሪፍ ላይ የሚውለው ጠላቂ ቀንሶ እንደሆነ ቆጥረው ለሕዝብ ያሳውቁ፤ ካልቀነሰም ገደብ ያብጁለት።