ምርመራ ከመድኃኒት ይቀድማል፦ ትኩሳት ያለበት ሰው ስለ ላቦራቶሪ አገልግሎት ሊያውቃቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ወባ፣ የአንጀት ተስቦ (ታይፎይድ)፣ ተስቦ (ታይፈስ)፣ ግርሻ፣ ካላዛር፣ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) እና ሌሎች ተላላፊ በሽታዎች የሚጋሯቸው ምልክቶች በርካታ ናቸው። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የምግብ ፍላጎት መቀነስና ድካም በአብዛኞቹ ላይ ይታያሉ። በመሆኑም በምልክት ብቻ አንዱን በሽታ ከሌላው መለየት ለጤና ባለሙያም ቢሆን አዳጋች ነው። ይህ ጽሑፍ ተገልጋዮች የምርመራ አገልግሎት በየትኛው የጤና ተቋም እንደሚያገኙ፣ የምርመራ ውጤት ምን ማለት እንደሆነ እንዲሁም ትክክለኛ ውጤት እንዲገኝ ከእነርሱ ምን እንደሚጠበቅ እንዲገነዘቡ ታስቦ ተዘጋጅቷል።

1. ምርመራ ለምን ይቀድማል?

በ1997 ዓ.ም. በደቡብ ጎንደር ዞን በሊቦ ከምከም ወረዳ በርካታ ነዋሪዎች ለረጅም ጊዜ በሚቆይ ትኩሳት ታመው ነበር። ሕመሙ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ እንደሆነ ታሰበ። ሕሙማኑ የወባ መድኃኒት ቢወስዱም አልተሻላቸውም፤ የሰው ሕይወትም አለፈ። በኋላ በተደረገ ምርመራ በሽታው ካላዛር መሆኑ ተረጋገጠ። ካላዛር እስከዚያ ጊዜ ድረስ በይበልጥ የሚታወቀው በመተማና በሑመራ ቆላማ አካባቢዎች ስለነበር በደጋማው ወረዳ ይኖራል ተብሎ አልተጠረጠረም። የበሽታው ምንነት ከታወቀ በኋላ በአዲስ ዘመን ከተማ የሕክምና ማዕከል ተከፍቶ ሕሙማን ተገቢውን ሕክምና ማግኘት ጀመሩ።

ከዚህ ተሞክሮ መረዳት የሚቻለው የወባ መድኃኒት ካላዛርን እንደማያድን፣ በግምት የሚሰጥ ሕክምናም ለሕመምተኛው የሚያስፈልገውን ጊዜ እንደሚያባክን ነው። ከዚህም በላይ ያለ ምርመራ የሚወሰዱ መድኃኒቶች ተህዋስያን መድኃኒቱን እንዲላመዱ ያደርጋሉ፤ ቤተሰብንም ላልተገባ ወጪ ይዳርጋሉ። በእነዚህ ምክንያቶች የዓለም ጤና ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ ወባ የተጠረጠረበት ማንኛውም ሰው መድኃኒት ከመጀመሩ አስቀድሞ በማይክሮስኮፕ ወይም በፈጣን መመርመሪያ እንዲመረመር ይመክራል።

2. የምርመራ አገልግሎት በየደረጃው

ጤና ኬላ፦ በጤና ኬላ ደረጃ የሚሰጠው ዋነኛ ምርመራ ፈጣን የወባ ምርመራ ነው። ምርመራው ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም የሚከናወን ሲሆን ኤሌክትሪክም ሆነ ማይክሮስኮፕ አያስፈልገውም። ውጤቱም በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይታወቃል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ከዚህ በተጨማሪ በቲቢና በሌሎች በሽታዎች የሚጠረጠሩ ሰዎችን ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ።

ጤና ጣቢያ፦ በጤና ጣቢያ የደም፣ የአክታ፣ የሰገራና የሽንት ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ይመረመራሉ። የደም ምርመራው የወባን ዓይነት ለመለየት ይረዳል፤ በቅማል አማካይነት የሚተላለፈውን የግርሻ ተህዋስም ሊያሳይ ይችላል። የኤች አይ ቪ ምርመራም በዚሁ ደረጃ ይሰጣል።

ሆስፒታልና የክልል ላቦራቶሪ፦ የካልቸር ምርመራ፣ የጂን ኤክስፐርት ምርመራና ሌሎች ከፍተኛ ምርመራዎች በእነዚህ ተቋማት ይከናወናሉ። የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ በተወሰኑ ጤና ጣቢያዎችም ይገኛል። አንድ ተቋም የማይሰጠውን ምርመራ ናሙና በመላክ ወይም ሕመምተኛውን በሪፈር ወረቀት በመላክ እንዲያገኝ ያደርጋል።

3. የምርመራ ውጤትን መረዳት

ማንኛውም ምርመራ የራሱ ውስንነት አለው። ተገልጋዮች የሚከተሉትን ነጥቦች ቢያውቁ ከባለሙያው ጋር በሚገባ ለመነጋገር ይረዳቸዋል።

የወባ ፈጣን ምርመራ፦ በስፋት የሚሠራባቸው መመርመሪያዎች ፋልሲፓረም የተባለው የወባ ተህዋስ የሚያመነጨውን ፕሮቲን በደም ውስጥ በመፈለግ ይሠራሉ። ይሁንና በሰሜን ኢትዮጵያ አንዳንድ አካባቢዎች በተካሄዱ ጥናቶች ይህን ፕሮቲን የማያመነጩ ተህዋስያን ተገኝተዋል። እንዲህ ያለ ተህዋስ ያለበት ሰው ወባ እያለበት ውጤቱ ነጋቲቭ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት ከምርመራ የሚያመልጡ ሕሙማን ቁጥር ከ5 በመቶ ሲበልጥ የመመርመሪያው ዓይነት እንዲቀየር ይመክራል። ስለሆነም ውጤቱ ነጋቲቭ የሆነበትና ትኩሳቱ ያልለቀቀው ሰው ወደ ጤና ተቋሙ ተመልሶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ይኖርበታል። በሌላ በኩል ይኸው ፕሮቲን ከሕክምና በኋላም ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ በቅርቡ የወባ ሕክምና የወሰደ ሰው ይህንኑ ለባለሙያው መንገር አለበት።

የታይፎይድ የደም ምርመራ፦ «ዊዳል» በሚል ስያሜ የሚታወቀው ምርመራ የሚለካው ሰውነት በሽታውን ለመከላከል ያመነጫቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ አካላት ቀደም ሲል በነበረ ሕመም ምክንያትም በደም ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ። በመሆኑም የአንድ ጊዜ የዊዳል ውጤት ብቻውን ታይፎይድ ለመኖሩ በቂ ማረጋገጫ አይደለም። ይበልጥ አስተማማኝ የሆነው የደም ካልቸር ሲሆን ናሙናው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል።

የካላዛር ፈጣን ምርመራ፦ ይህም በፀረ እንግዳ አካላት ላይ የተመሠረተ ነው። ታክሞ በዳነ ሰው ላይ ለረጅም ጊዜ ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል፤ ኤች አይ ቪ በደማቸው ባለ ሕሙማን ላይ ደግሞ በሽታው እያለ ነጋቲቭ የመሆን ዕድሉ ከፍ ይላል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የክብደት መቀነስና የጣፊያ ማበጥ የታየበት ሰው፣ በተለይም ለቀን ሥራ ወደ መተማ፣ ወደ ሑመራ ወይም በሽታው ወደሚገኝባቸው ሌሎች አካባቢዎች የሄደ ከሆነ፣ ይህንን ሳይዘገይ ለባለሙያ ማሳወቅ ይገባዋል።

4. የቲቢ ምርመራና የናሙና ዝውውር

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ማንኛውም ሰው የቲቢ ምርመራ ማድረግ ይኖርበታል። በማይክሮስኮፕ የሚደረገው የአክታ ምርመራ ባክቴሪያውን ለማየት በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ ባክቴሪያ መኖርን ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት በርካታ ሕሙማን፣ በተለይም ሕፃናትና ኤች አይ ቪ በደማቸው የሚገኝ ሰዎች፣ በዚህ ምርመራ ሳይለዩ ሊያልፉ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 እንዲሠራበት የመከረው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ከዚህ እጅግ ያነሰ ባክቴሪያን መለየት ይችላል። መሣሪያው በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ቲቢ መኖር አለመኖሩንና በሽታው ሪፋምፒሲን የተባለውን ዋነኛ መድኃኒት የተላመደ መሆን አለመሆኑን ያሳያል።

መሣሪያው ኤሌክትሪክና የተከታታይ ጥገና አገልግሎት ስለሚፈልግ በሁሉም ጤና ጣቢያ ማኖር አልተቻለም። ይህን ክፍተት ለመሙላት ናሙናው ሕመምተኛውን ተክቶ እንዲጓዝ ይደረጋል። በአገራችን የአክታና የደም ናሙናዎችን ከጤና ጣቢያ ወደ ላቦራቶሪ በማድረስ ረገድ የፖስታ አገልግሎት ድርሻ አለው። ስለሆነም ምርመራው ራሱ በሰዓታት ቢያልቅም ናሙናው የሚጓዝበትና ውጤቱ የሚመለስበት ጊዜ ቀናትን ሊወስድ ይችላል። ተገልጋዮች ናሙና ሲሰጡ ውጤቱ የሚደርስበትን ቀን መጠየቅና የሚገኙበትን ስልክ ቁጥር በትክክል ማስመዝገብ ይኖርባቸዋል። ውጤቱ ደርሶ ባለቤቱ ሳይገኝ ቢቀር ሕክምናው ይዘገያል፤ በሽታውም ወደ ቤተሰብ ሊተላለፍ ይችላል።

5. ኤች አይ ቪ በደሟ ካለ እናት የተወለደ ሕፃን

የእናት ፀረ እንግዳ አካላት በሕፃኑ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆዩ ስለሚችሉ ለአዋቂዎች የሚደረገው የኤች አይ ቪ ፈጣን ምርመራ በሕፃኑ ላይ ቫይረሱ መኖሩን አያረጋግጥም። በዚህ ምክንያት ሕፃኑ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ከተረከዙ ጥቂት የደም ጠብታ በልዩ ወረቀት ላይ ተወስዶና ደርቆ ቫይረሱን ራሱን ወደሚመረምር ላቦራቶሪ ይላካል። የደረቀው ደም በመንገድ ላይ ማቀዝቀዣ ስለማያስፈልገው አገልግሎቱን ርቀው ለሚገኙ አካባቢዎች ጭምር ማዳረስ ተችሏል። ወላጆች ሕፃኑን በቀጠሮው ቀን ማምጣትና ውጤቱን መከታተል ይጠበቅባቸዋል።

6. ከተገልጋዮች የሚጠበቅ

• ትኩሳት እንደጀመረ፣ በወባማ አካባቢ በተለይ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መሄድ።
• ከምርመራ በፊት ከቤት የተረፈ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ የተገዛ መድኃኒት አለመውሰድ፤ ተወስዶ ከሆነም ስሙን ወይም ማሸጊያውን ለባለሙያው ማሳየት።
• ባለፉት ሳምንታት ወደ ቆላማ አካባቢ የተደረገ ጉዞን ወይም የሥራ ቆይታን መናገር።
• አክታ ሲሰጡ አፍን በውኃ መጉመጥመጥ፣ አየር በሚገባበት ሥፍራ ሆኖ በጥልቀት በመሳል ከደረት የወጣ አክታ መስጠት። ምራቅ ለምርመራ አያገለግልም።
• የምርመራ ውጤቱንና የሚታዘዘው መድኃኒት ለየትኛው በሽታ እንደሆነ መጠየቅ።
• የታዘዘውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው መውሰድ፤ ካልተሻለም መድኃኒት ከመቀየር ይልቅ ለተጨማሪ ምርመራ መመለስ።

በመንግሥት ጤና ተቋማት የቲቢና የኤች አይ ቪ ምርመራና ሕክምና ያለ ክፍያ ይሰጣል። የጤና ኬላ አገልግሎትም እንዲሁ ነው።

7. አስቸኳይ ሁኔታዎች

ራስን መሳት፣ መንቀጥቀጥ፣ የማጅራት መገተር፣ የአተነፋፈስ ችግር፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም መድማት ሲታይ፣ ሕፃንም መጥባት ወይም መጠጣት ሲያቅተው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት። በእነዚህ ሁኔታዎች ባለሙያው የሕመምተኛውን ሕይወት ለማትረፍ የምርመራ ውጤት ሳይጠብቅ ሕክምና ሊጀምር ይችላል፤ ምርመራውም ጎን ለጎን ይቀጥላል።

ትክክለኛ ምርመራ የሚጀምረው ናሙና ከመሰጠቱ በፊት ነው። ሕመሙ የጀመረበትን ጊዜ፣ የተጓዙበትን ሥፍራና የወሰዱትን መድኃኒት ሳይሸሽጉ መናገር ባለሙያው ተገቢውን ምርመራ እንዲመርጥ ያስችላል። ስለሆነም ማንኛውም ትኩሳት ያለበት ሰው በአቅራቢያው ወደሚገኝ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ቀርቦ አስቀድሞ እንዲመረመር፣ ውጤቱንም ተከታትሎ ሕክምናውን እንዲፈጽም ይመከራል።