የጨው ሽኝት

እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታና ስኳር በአንድ ጊዜ የተወ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁለትም ሦስትም ኪሎ ቀንሶ ሊያገኝ ይችላል። ደስታው ሳይበርድ ግን ሌላ ነገር ይከተላል። ጠዋት ከአልጋው ብድግ ሲል ጭው ይልበታል፣ ዓይኑ ይጨልማል፣ ሌሊት ባቱን ይሸመቅቀዋል። የደም ግፊት ክኒን የሚውጥ ከሆነ ማዞሩ ይብስበታል። ብዙዎች “ምግብ ስላነሰኝ ነው” ብለው ያልፉታል። ሐኪሞች ግን ከዚህ ሁሉ ጀርባ ላለው የሰውነት ሥራ ስም አላቸው፦ ናትሪዩሬሲስ።

ቃሉ ከሁለት የተገጣጠመ ነው። የፊተኛው “ናትሪየም” ሲሆን የሶዲየም የላቲን ስም ነው፤ የኋለኛው ሽንትን ከሚያመለክት የግሪክ ቃል የመጣ ነው። አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት ሶዲየምን በሽንት ማስወጣቱን ይናገራሉ። ሶዲየም ደግሞ ወደ ሰውነት የሚገባው በዋናነት በጨው ነው።

በአማርኛ ምን ይባል? “የጨው ሽንት” ቢባል የበሽታ ስም ይመስላል። “የጨው እጥረት” ቢባል ደግሞ ድርጊቱን ትቶ ውጤቱን ይናገራል፤ ያም ቢሆን ሁልጊዜ እጥረት ላይ አይደረስም። እዚህ የሚቀርበው ስያሜ “የጨው ሽኝት” ነው። በሽኝት እንግዳው አይባረርም፣ ሾልኮም አያመልጥም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ባለቤቱ ተነሥቶ እስከ በር ያደርሰዋል። ኩላሊትም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቃሉ ይረባል፤ “ኩላሊት ጨው ሸኘ”፣ “ጨው ሸኚ ክኒን” ማለት ይቻላል። ከ“ሽንት” ጋር በድምፅ መቀራረቡም ለማስታወስ ያግዛል።

እንግዳውን “ቡናው ሳይደርስ የት ትሄዳለህ?” እያለ የሚያስቀረው ኢንሱሊን ነው። ኢንሱሊን የሚታወቀው ስኳርን ወደ ሴሎች በማስገባት ቢሆንም፣ ኩላሊት ሶዲየምን ወደ ደም እንዲመልስም ያዛል። ራልፍ ዴፍሮንዞና ባልደረቦቹ እ.አ.አ. በ1975 ባሳተሙት ጥናት ለጤነኛ ሰዎች ኢንሱሊን ሰጥተው የደም ስኳራቸው እንዳይወርድ ጠበቁት፤ በሽንት የሚወጣው ሶዲየም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። በእንጀራ፣ በዳቦና በስኳር ያለው ካርቦሃይድሬት ሲቀነስ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፣ ኩላሊት ጨውን ይሸኛል፣ ውሃም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። በጉበትና በጡንቻ የተከማቸው ግላይኮጅን የሚባለው ስኳርም እያንዳንዱን ግራም ከሦስት ግራም ያህል ውሃ ጋር ይዞ ስለሚቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ ያ ውሃ ይለቀቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎ በአብዛኛው ጨውና ውሃ እንጂ ስብ አይደለም።

በደም ሥር ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሲያንስ ግፊቱም ይወርዳል። ግፊቱ 140/90 እና ከዚያ በላይ ለሆነበት ሰው ይህ መልካም ዜና ነው።

በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በደርሃም ከተማ የተሠራና እ.አ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት 146 ሰዎችን ለ48 ሳምንታት ተከታትሏል። ግማሾቹ ካርቦሃይድሬት ቀነሱ፤ ሌሎቹ ቅባት ቀንሰው የምግብ ስብ በከፊል ወደ ሰውነት እንዳይገባ የሚያግደውን ኦርሊስታት የተባለ መድኃኒት ወሰዱ። የሁለቱ ወገን የክብደት ቅናሽ ተቀራራቢ ነበር። የላይኛው የግፊት ቁጥር ግን ካርቦሃይድሬት በቀነሱት ዘንድ በስድስት ነጥብ ገደማ ወረደ፤ በሌሎቹ በጥቂቱ ከፍ አለ። ከመጀመሪያው ወገን 47 በመቶው የግፊት መድኃኒታቸው ተቀነሰላቸው ወይም ቆመላቸው፤ ከሁለተኛው 21 በመቶው። ጥናቱ ምክንያቱን ለመለየት የተሠራ አልነበረም፤ ልዩነቱ በኪሎ ብቻ አለመገለጹ ግን ዓይንን ወደ ኢንሱሊንና ወደ ጨው ይስባል።

አደጋው ያለው ከዚሁ መልካም ዜና አጠገብ ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድን የመሰለ የግፊት ክኒን ራሱ ጨው ሸኚ ነው፤ ከአመጋገቡ ጋር ሲገናኝ ሽኝቱ ይበረታል። ኤናላፕሪል የተባለው ሌላው የግፊት ክኒን ደግሞ ጨው ሲጎድል የደም ሥርን አጥብቆ ግፊትን የሚጠብቀውን የሰውነት ሥርዓት ያግዳል። ለድሮው ማዕድ የታዘዘ መጠን ለአዲሱ ማዕድ ሊበዛ ይችላል።

ካርቦሃይድሬት የሚቀንሱ ሰዎች እርስ በርስ የሚሰጣጡት ምክር “መረቅ ጠጣ፣ ጨው ጨምር” የሚል ነው። ለጤነኛ ሰው ሊሠራ ይችላል። የግፊት ሕመምተኛ ግን ሲያዞረው መጀመሪያ የሚታየው የክኒኑ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ይመክራል። በፖታሲየም የተሠራ ምትክ ጨውም ኤናላፕሪል ለሚወስድ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው አይሆንም፤ ፖታሲየሙ ተጠራቅሞ የልብ ምትን ሊያዛባ ይችላል።

ስለዚህ ሐኪም የሚማከረው አመጋገቡ ከመለወጡ በፊት ነው፤ ክኒንም በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግፊት ጠዋትና ማታ፣ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ ካረፉ በኋላ ይለካል፤ ከዚያም ቆመው እስከ ሦስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደገማል። የላይኛው ቁጥር ሲቆሙ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ለሐኪሙ መነገር አለበት።

ነገሩ ወደ ኋላም ይዞራል። ለዓመት በዓል እንጀራውም ድፎ ዳቦውም ጠላውም ሲመለስ ኢንሱሊን ከፍ ይላል፣ ኩላሊትም እንግዳውን ዳግም ያስቀራል። በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ ኪሎ ሲጨምር፣ ጫማም ጥብቅ ሲል ሽኝቱ ቆሟል ማለት ነው። መጠኑ የተቀነሰለት ሕመምተኛ የግፊት መለኪያውን እንደገና ከመሳቢያ አውጥቶ፣ የመዘገበውን ቁጥር ይዞ ወደ ሐኪሙ የሚሄደው ያኔ ነው።