ቤቱ ቀረ፤ ባለቤቱ ሄደ

ከግራናና ከመርሳ ተነሥቶ፣ በወልድያ አድርጎ ወደ ላስታ የሚወጣ መንገደኛ ላሊበላ ሲደርስ ዓይኑ የሚያርፈው በውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ላይ ነው። በዙሪያቸው የቆሙትን ባለ ፎቅ ክብ ቤቶች ልብ የሚላቸው ጥቂት ነው። በአካባቢው ቀይ ድንጋይ የታነጹ፣ ሣር የለበሱ፣ ወደ ላይኛው ክፍል በውጭ ደረጃ የሚወጣባቸው ናቸው። ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች፤ የዩኔስኮ መግለጫም እነዚህን ቤቶች ለይቶ ይጠቅሳቸዋል።

ይሁን እንጂ ከ2001 ዓ.ም. በኋላ ቅርሱን ለመጠበቅ ሲባል በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የኖሩ ቤተሰቦች ወደ ሌላ ሠፈር ተወሰዱ። ከቤቶቹ የቆሙ አሉ፤ ምድጃቸው ግን ጠፋ።

ሌላው ዓለም የደከመው በተቃራኒው ነው። ስዊድናዊው አርቱር ሃዜሊዩስ እ.ኤ.አ. በ1891 በስቶክሆልም ስካንሰንን ሲከፍት፣ በፋብሪካ ዘመን ሊጠፉ የተቃረቡትን የገበሬ ቤቶች ከየአውራጃው እየነቀለ አምጥቶ ተከለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1947 የተመሠረተው የፕሊመዝ ቤተ መዘክርም እ.ኤ.አ. በ1620 በመርከብ የመጡትን ሠፋሪዎች መንደር እንደ አዲስ ሠርቶ፣ የዘመኑን ልብስ ለብሰው ምግብ የሚያበስሉ ሰዎችን ቀጠረ። እነርሱ የሞተውን ኑሮ ለማስመሰል ደመወዝ ይከፍላሉ፤ እኛ ሕያው የሆነውን ኑሮ ለማስነሣት ካሣ እንከፍላለን።

ሰው ለጎብኚ ትርኢት ሲባል ያለ ውኃና ያለ መጸዳጃ ቤት ይኑር ማለቴ አይደለም። ቅርሱን ከጉዳት መጠበቅም ተገቢ ነው። ጥያቄዬ ሌላ ነው፤ የተነሡት ሰዎች በቤቶቹ አስጠባቂነት፣ አስጎብኚነትና አዳሽነት ቀዳሚ ባለመብት መሆን አይገባቸውምን? ግድግዳውን የሚለስነውና ክዳኑን የሚያድሰው እጅ ከራቀ፣ ቤቱም ቀስ በቀስ መፍረሱ አይቀርም።

ነገሩ የላሊበላ ብቻ አይደለም። በሀብሩ ቆላም የሣር ጎጆው ለቆርቆሮ ቦታውን እየለቀቀ ነው። ቆርቆሮውን የሚመርጠውን ገበሬ የሚወቅስ የለም። ነገር ግን ጎታው እንዴት እንደሚሠራ፣ ማገሩ በምን እንደሚታሰር፣ ወዳጃው በየትኛው የቤት ክፍል እንደሚቀመጥ የሚያውቁት አረጋውያን ሳያልፉ፣ በግራና አንድ ጎጆ ከነሙሉ ዕቃው ቢጠበቅ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ጠባቂዋም የሠፈሩ ሰው ይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አበው። ልብ ያለው ልብ ይበል!