ጨብሲ እና ኤችአይቪ

ጨብሲ የጫት ምርቃናን ለመስበር የሚጠጣ ቢራ ወይም አረቄ ነው። በኢትዮጵያ ኤችአይቪ በዋናነት የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሆነ የጨብሲ አደጋ ከመርፌ ይልቅ በስካር በኩል ይመጣል፤ የሰከረ ሰው ኮንዶም ኪሱ ውስጥ እያለም ይረሳዋል። በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳዋ አንበሳሜም ሆነ በደብረ ታቦር፣ ጠላና አረቄ የድግስና የገበያ ቀን ወግ ናቸው፤ ጣቱን በጫት ላይ ብቻ የሚቀስር ትምህርት ግማሹን ይስታል። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ የጓዳውን አረቄ ግን ማን ይቆጣጠራል? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውን የጸረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥንም ስካር ያስረሳል። ስካር ባለበት ለተደፈረች ሴትም በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ፤ በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይበልጥ ይሠራል።