ወላይታ ለብቻዋ ክልል ብትሆን ኪሳችን ላይ ምን ይለወጣል? የሁለቱም ወገን ሂሳብ

ቤተሰብ፣ የወላይታ ክልልነት ሲነሳ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ ታሪክና ስለ ክብር ነው። ስለ ብር የሚያወራው ጥቂት ነው። ዛሬ እኛ ብሩን እንቁጠር። ደግፉ ወይም ተቃወሙ አንልም። ክርክሩ ሲመጣ ስልካችሁ ላይ እንዲኖር ሴቭ አድርጉት።

📌 በመጀመሪያ፦ ክልል መሆን መገንጠል አይደለም

ሁለቱን የሚቀላቅል ሰው ብዙ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 መሠረት መገንጠል ማለት ሌላ አገር መሆን ነው። አንቀጽ 47 ደግሞ በአንድ ክልል ውስጥ ያለ ብሔር እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ የራሱን ክልል ማቋቋም ይችላል ይላል። ጥያቄው በብሔሩ ምክር ቤት በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይጸድቃል፣ በጽሑፍ ለክልሉ ምክር ቤት ይቀርባል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ሕዝበ ውሳኔ ይደራጃል።

ልዩነቱ በኢኮኖሚ በኩል ትልቅ ነው። ስኮትላንድ እ.ኤ.አ. በ2014 ስትመርጥ ሰው የተጨነቀው «ፓውንድ መጠቀም እንቀጥላለን ወይ?» ብሎ ነው፤ 55 በመቶው አይሆንም አለ። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻ ስትወጣ ነዳጁ እሷ ጋ ቀረ፣ ቧንቧውና ወደቡ ግን ሱዳን ውስጥ ነበር። በማስተላለፊያ ክፍያ ስላልተስማሙ በ2012 መጀመሪያ ላይ ምርቱን ራሷ አቆመች። ኤርትራ በ1993 ስትወጣ ደግሞ ኢትዮጵያ የባሕር በር አጣች።

ወላይታ ክልል ብትሆን እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለም። ብሩ ያው ብር ነው፣ ባንኩ ያው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ ጉምሩኩም የፌዴራል ነው። ጥያቄው ስለዚህ «ለብቻችን እንኖራለን ወይ?» አይደለም። «ገንዘቡ በማን በኩል ይመጣል? ስንቱስ ለልማት ይተርፋል?» ነው።

📌 እዚህ እንዴት ደረስን?

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላይታ ከጋሞ፣ ጎፋና ዳውሮ ጋር በሰሜን ኦሞ ዞን ሥር ነበረች። «ወጋጎዳ» በሚል የተቀላቀለ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣ ሶዶ ላይ ተቃውሞ ተነሳ፣ ሰው ሞተ፣ መጽሐፉም ቀረ። በ1993 ዓ.ም. ወላይታ ራሷን የቻለች ዞን ሆነች።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. የዞኑ ምክር ቤት የክልልነት ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሲዳማ ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ አድርጎ ክልል ሆነ። የወላይታ ግን ሕዝበ ውሳኔው ሳይመጣ ዓመቱ አለፈ። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. የዞኑ አመራሮች ታሰሩ፣ በተከተለው ተቃውሞም ሰዎች ሕይወታቸውን አጡ።

ከዚያ ሌላ መንገድ ተመረጠ። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. ስድስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች በጋራ አንድ ክልል ይሁኑ ወይስ አይሁኑ በሚል ድምፅ ተሰጠ። የወላይታው ውጤት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ ሰኔ 12 በድጋሚ ተካሄደ። ደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ተመሠረተ፤ ወላይታ ሶዶ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫው ሆነች። ልብ በሉ፦ «ወላይታ ለብቻዋ» የሚል አማራጭ ወረቀቱ ላይ አልነበረም። ክርክሩ እስካሁን ያልሞተው ለዚህ ነው።

📌 «ያዋጣል» የሚሉት ምን ይላሉ?

1. የሕዝብ ቁጥር። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ወላይታ ዞን ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ነበረው። በዚያው ቆጠራ ሐረሪ፣ ጋምቤላ፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና አፋር እያንዳንዳቸው ከዚህ ያነሰ ሕዝብ ነበራቸው፤ ክልል ግን ናቸው። ስለዚህ «ትንሽ ነው» የሚለው ብቻውን መከራከሪያ አይሆንም።

2. ድጎማው በቀጥታ ይመጣል። ለአብዛኞቹ ክልሎች የበጀታቸው ትልቁ ክፍል ከፌዴራል የሚመጣ ድጎማ ነው። ማከፋፈያ ቀመሩን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ዞን ግን ከፌዴራል በቀጥታ አይቀበልም፤ ድርሻው የሚደርሰው ክልሉ ከከፈለ በኋላ ነው። ክልል መሆን መሃል ያለውን እጅ ይቀንሳል።

3. የራስን ችግር ማስቀደም። ወላይታ ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር በማይበልጥ መሬት ላይ ይኖራል። ዝንጅብሉ ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በአጠውልግ በሽታ ሲመታ የብዙ ገበሬ ጥሬ ገንዘብ አብሮ ሄደ። የሶዶ ቁርጥ ስሙ አገር ያወቀው ነው፤ ደጋፊዎቹ ግን በሬው ከነነፍሱ ተጭኖ ከሚወጣ እዚሁ ታርዶ፣ ቆዳውም እዚሁ ተሠርቶ ቢወጣ ይላሉ። በጀቱን ራሳችን ብንይዝ ለእንሰት፣ ለዝንጅብልና ለከብት ቅድሚያ እንሰጣለን ነው ነገሩ።

4. ሥራ። ክልል የሥራ ቋንቋውን ራሱ ይወስናል። ወላይትኛ የቢሮ ቋንቋ ሲሆን ለመምህር፣ ለጋዜጠኛና ለተርጓሚ ሥራ ይከፈታል።

📌 «አያዋጣም» የሚሉትስ?

1. የቢሮ ወጪ። ክልል ማለት ምክር ቤት፣ ካቢኔ፣ ቢሮዎች፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ ፖሊስ፣ መኪና፣ ነዳጅ ማለት ነው። ለማስረዳት ያህል ብቻ በፈጠራ ቁጥር እናስላው። ዞኑ 100 ብር አለው እንበል፤ 70ው ለደመወዝና ለቢሮ ይሄዳል፣ 30ው ለመንገድና ለውሃ ይተርፋል። ክልል ሲሆን ገቢው 110 ብር ደረሰ፤ አዲሶቹ ቢሮዎች ግን 15 ብር ጨመሩ። አሁን ለመንገድና ለውሃ የቀረው 25 ብር ነው። ገቢ አደገ፣ ልማት ቀነሰ። ገቢው 120 ቢሆን ግን 35 ይተርፍ ነበር። ሁሉ ነገር ያለው እዚህች ልዩነት ላይ ነው።

2. የታክስ መሠረቱ ጠባብ ነው። በአንቀጽ 97 መሠረት ክልል የሚሰበስበው ከክልሉና ከግል ድርጅት ሠራተኞች ደመወዝ፣ ከገበሬ፣ ከግለሰብ ነጋዴና ከመሬት መጠቀሚያ ነው። የጉምሩክ ቀረጥ የፌዴራል ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ደግሞ ከወላይታ ሕዝብ በከተማ የሚኖረው 11.5 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ከግማሽ ሄክታር ገበሬ ብዙ ግብር አይወጣም።

3. ሀብቱ አካባቢው ላይ መሆኑ ገቢ ማለት አይደለም። ጊቤ ሦስት 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ነው፤ ወላይታና ዳውሮ መካከል ኦሞ ወንዝ ላይ ቆሟል። ነገር ግን ኃይሉን የሚሸጠው የፌዴራል ተቋም ነው። ስለዚህ «ግድብ አለን» ብሎ በጀት ማስላት አይቻልም።

4. እንጀራው ከዞኑ ውጭ ነው። ወላይታ መሬቱ ስለጠበበ ልጆቹ አዲስ አበባ፣ ሐዋሳና ሌላም ቦታ ሄደው ይሠራሉ። በሰኔ 2010 ዓ.ም. ሐዋሳ ላይ በተነሳው ግጭት ብዙ የወላይታ ተወላጆች ተፈናቅለዋል። ድንበር ሲጠብቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ይሄ ውጭ የሚሠራው ወጣት ነው የሚለው ስጋት ከባዶ የመጣ አይደለም።

📌 ሁለቱም ወገን የሚጠቅሷቸው ሁለት ነገሮች

አንደኛው ሶዶ ራሷ ናት። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ስትሆን ቢሮ፣ ሠራተኛና እንግዳ ይመጣል፤ ሆቴሉ፣ ቡና ቤቱና ባጃጁ ይሠራል። ቤት ያለው ይጠቀማል፣ ተከራዩ ግን ኪራይ ሲጨምር ይጨነቃል። ተቃዋሚው «ይሄን ጥቅም ለብቻችን ክልል ሳንሆንም አገኘን» ይላል። ደጋፊው «ግማሹን ነው ያገኘነው፤ የክልሉ ተቋማት ለሌሎች ከተሞችም ተከፋፍለዋል» ይላል።

ሁለተኛው ደመወዝ ነው። በ2016 ዓ.ም. በወላይታ ዞን የመምህራንና የሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ለወራት መዘግየቱ በሰፊው ተዘግቧል። ደጋፊው «ገንዘባችን በራሳችን እጅ ቢሆን ይሄ አይደርስም ነበር» ይላል። ተቃዋሚው «ያለውን ሠራተኛ መክፈል ካቃተ ሌላ ካቢኔ ማን ይከፍላል?» ይላል። ወር ጠብቆ ባዶ እጁን የተመለሰው አስተማሪ ግን ለሁለቱም መልስ የለውም፤ የሱቅ ዱቤ አለበት።

📌 ታዲያ እንዴት እንመዝነው?

እኛ የምንለው አንድ ነገር ነው፦ ክልልነት ገንዘብ አይፈጥርም። ገንዘቡ የሚያልፍበትን መንገድና የሚወስነውን ሰው ይለውጣል። ስለዚህ «ክልል ይሁን» ወይም «አይሁን» የሚላችሁን ፖለቲከኛ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁት፦

👉 ካለው በጀት ስንት በመቶው ደመወዝና የቢሮ ወጪ ነው? በአዲሱ አደረጃጀትስ ስንት ይሆናል?

👉 ከራሳችን ግብር የምንሰበስበው ስንት ነው? ከፌዴራል የሚመጣውስ?

👉 የድሮው ክልል ዕዳና ንብረት እንዴት ይከፈላል?

👉 ከዞኑ ውጭ የሚሠራው ወጣት ዋስትናው ምንድን ነው?

ቁጥር ይዞ የሚመልስ ካገኛችሁ፣ ከየትኛውም ወገን ይሁን፣ አዳምጡት። በዘፈንና በታሪክ ብቻ የሚመልስ ከሆነ ግን በጀቱን ገና አላየውም ማለት ነው።