ማይክሮፋይበር፦ ደቃቅ ክር ፎጣና የመኪና ቀለም

ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ሀብሩ ወረዳን አቋርጦ፣ ውርጌሳን፣ መርሳንና ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ይገባል። በበጋ ከየቀበሌው የጠጠር መንገድ የሚወጣው ባጃጅ፣ አይሱዙና ሚኒባስ አስፋልቱን የሚይዘው አቧራ ለብሶ ነው፤ በክረምት ደግሞ ጭቃ። ላቫጆ ሲደርስ ውሃ፣ ሳሙናና ጨርቅ ይጠብቁታል። ከሦስቱ ጥያቄ የማይነሳበት ጨርቁ ነው። አሮጌ ካናቴራም ይሁን የተቀደደ ፎጣ፣ የተገኘው ይበቃል ይባላል። ፀሐይ ሲያርፍበት በመኪናው ቀለም ላይ ክብ ክብ እየሠራ የሚታየው ስስ ጭረት ግን ብዙውን ጊዜ የዚያው ጨርቅ ሥራ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚመከረው ፎጣ በገበያ ማይክሮፋይበር ይባላል። «ማይክሮ» የሚለውን አማርኛ በንግዱ «ጥቃቅን»፣ በሳይንሱ «ረቂቅ» እያለ ሲጠራው ኖሯል። ለ«ፋይበር» ቃጫ ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ቃጫ ሲባል ለሰው ቶሎ የሚታየው ሻካራው ገመድ ነው። «ጭረት» ቢባል ደግሞ ፎጣው ሊከላከለው ከሚገባው ጉዳት ጋር ይምታታል። ስለዚህ እዚህ «ደቃቅ ክር» የሚለው ተመርጧል፤ ፎጣውም ደቃቅ ክር ፎጣ ይሆናል።

ምን ያህል ደቃቅ? በጨርቃ ጨርቅ ሙያ የክር ቅጥነት የሚለካው በዴኒየር ነው። 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር 1 ግራም ከመዘነ 1 ዴኒየር ይባላል፤ ደቃቅ ክር ከዚያ በታች ያለው ነው። ከወልድያ እስከ መርሳ መንገዱ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። አንድ ነጠላ ደቃቅ ክር በዚህ ርቀት ሁሉ ቢዘረጋ ክብደቱ ከ3 ግራም ተኩል አይበልጥም። ለጽዳት ተብሎ የሚሰነጠቀው ዓይነት ደግሞ ግማሽ ግራም እንኳ ላይሞላ ይችላል።

ቴክኖሎጂው የዳበረው ጃፓን ውስጥ ነው። የቶሬይ ኩባንያ ተመራማሪ ሚዮሺ ኦካሞቶ በሠራው ደቃቅ ክር ኩባንያው በ1970 እ.ኤ.አ. አልትራስዊድ የተባለ ለስላሳ፣ ቆዳ መሰል ጨርቅ አወጣ። ለልብስና ለወንበር ልባስ የጀመረው ክር ወደ ጽዳት ፎጣነት የተሻገረው ከዚያ በኋላ ነው።

የጽዳት ፎጣው ምሥጢር መሰንጠቁ ላይ ነው። ፖሊስተርና ፖሊአሚድ (ናይሎን የሚባለው ቤተሰብ) ቀልጠው በአንድ ቀዳዳ አብረው ይወጡና አንድ ክር ይሆናሉ። ይህ ክር በአግድም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ቢታይ ለሁለት እንደተከፈለ የመርሳ ብርቱካን ዘለላ ዘለላ ነው። በኋላ በሙቀትና በኬሚካል ዘለላዎቹ ይለያያሉ። ክብ የነበረው ክር ማዕዘን ያላቸው ብዙ ቀጫጭን ክሮች ይሆናል። ማዕዘኖቹ አቧራና ቅባት ያነሳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ውሃ ይይዛል። ፖሊስተሩ ቅባት ይወዳል፤ ፖሊአሚዱ ውሃ ይቀበላል። በማሸጊያው ላይ 80/20 ወይም 70/30 ተብሎ የሚጻፈው የሁለቱ ድርሻ ነው። ያልተሰነጠቀም ክር በዚሁ ስም ይሸጣል፤ እሱ ግን ውሃውን ከመምጠጥ ይልቅ ወዲያ ወዲህ ይገፋዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? በዘመናዊ መኪና ላይ ከቀለሙ በላይ ያለው፣ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ ሽፋን ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 60 ማይክሮን ብቻ ነው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጭረት ለማጥፋት ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ከዚያው ላይ ይቀነሳል፤ የተቀነሰው አይመለስም። የፊት መብራት ሽፋን ደግሞ ፖሊካርቦኔት የሚባል ፕላስቲክ ስለሆነ ከመስታወት ይልቅ ቶሎ ይጫራል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና መጠበቅ የበለጠ ትርጉም አለው።

ሲገዙ መጀመሪያ ክብደቱን ማየት ይገባል። በማሸጊያው ላይ ጂኤስኤም የሚለው አንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ስንት ግራም እንደሚመዝን ይናገራል። ለመስታወት ከ200 እስከ 300 ያለው፣ ጸጉር የሌለው ስስ ፎጣ ይሻላል፤ ጸጉራሙ መስታወት ላይ ብናኝና ዝንጥል ይተዋል። ሰምና ፖሊሽ ለማንሳት ከ300 እስከ 400 ያለው ይስማማል። የታጠበ መኪና ለማድረቅ 500ና ከዚያ በላይ፣ ጸጉሩ ረዘም ያለ ያስፈልጋል። ከባዱ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ ወፍራም ፎጣ ውሃ ከጠጣ በኋላ ለመጭመቅም ለማድረቅም ያስቸግራል።

ቀጥሎ ጠርዙ። በጠንካራ ናይሎን ክር የተሰፋ ጠርዝና የተሰፋበት የፋብሪካ ምልክት፣ የፎጣው ሆድ የቱንም ያህል ቢለሰልስ፣ ቀለም ይጭራሉ። ምልክቱን ከሥሩ በጥንቃቄ ቆርጦ ማውጣት ይበጃል። ጠርዙ ያልተሰፋ ወይም በለስላሳ ጨርቅ የተቀመቀመ ለቀለም ይመረጣል።

ማሸጊያው ምንም ካልነገረ ፎጣውን ራሱን መጠየቅ ነው። የሥራ ሰው ደረቅ እጅ ላይ ሲያሹት ቆዳውን ያዝ ያዝ ካደረገ የተሰነጠቀ ክር ነው። የፕላስቲክ ሳህን ላይ ጥቂት ውሃ አፍስሶ አንዴ ሲያልፉበት ሳህኑ ከደረቀ ይመጥጣል፤ ውሃው ሸሽቶ ጠብ ጠብ ካለ አይመጥጥም። ከፎጣው ሆድ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት መለኮስም ይቻላል። ሰው ሠራሹ ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል፤ ጥጥ ግን እንደ ወረቀት እየሸተተ ነድዶ አመድ ይሆናል።

በጣም ጥሩው ፎጣ እንኳ በደረቅ አቧራ ላይ ካረፈ ጉዳት ያደርሳል። አቧራው ውስጥ ያለው የድንጋይ ቅንጣት ከመኪናው ሽፋን ይጠነክራልና፣ ፎጣው ይዞ ሲጎትተው እያንዳንዱ ቅንጣት መስመር ያሰምራል። ስለዚህ በቅድሚያ ብዙ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይለቀቅበት፤ ከዚያ በሳሙና ይታጠብ፤ ለሳሙናውና ለማለቅለቂያው ሁለት የተለያዩ ባልዲዎች ይኑሩ። የፎጣው ተራ የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። ሁለቴ አጥፎ አራት ድርብ ማድረግ ስምንት ንጹሕ ፊት ይሰጣል፤ አንዱ ሲቆሽሽ ወደ ሌላው ይገለበጣል። መሬት ላይ የወደቀ ፎጣ ሳይታጠብ ወደ ቀለሙ አይመለስም።

በአሮጌ መኪና ላይ ፖሊሽ ሲደረግ ነጭ ፎጣ ቀይ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ቢወጣ ሠራተኛውም ባለንብረቱም አይደንግጡ። የላይኛው ሽፋን በሌለው የድሮ ቀለም ላይ የሞተው የላይኛው ገጽ መልቀቁ የተለመደ ነው። ሽፋን ባለው መኪና ላይ ከታየ ግን ሥራው ወዲያው ይቁም።

እንክብካቤው ቀላል ነው። አዲሱ ፎጣ ቀለም እንዳይለቅ ከሥራ በፊት ይታጠባል። ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና ማጠብ ይሻላል፤ ያልሟሟ የዱቄት ሳሙና በክሩ መካከል ይቀራል። በረኪና ክሩን ይጎዳል፤ የልብስ ማለስለሻ ክፍተቱን ይደፍናል፤ የፈላ ውሃ ለስላሳነቱን ያሳጣዋል፤ ካውያ ያቀልጠዋል። ከጋቢና ከነጠላ ጋር አብሮ ከታጠበ የጥጡን ብናኝ ሰብስቦ መኪናው ላይ ያራግፈዋል። ሲታጠብ የሚረግፈው ደቃቅ ክር ፕላስቲክ ስለሆነ ወንዝ ውስጥ ማጠብ አይገባም። አቧራ በማይነሳበት ጥላ ተሰጥቶ ይደርቃል።

ሁሉን በአንድ ፎጣ መሥራት ኪሳራ ነው። ላቫጆ ላይ ላቡን አፍስሶ የሚያድር ወጣት ስሙ የሚጠራው መኪናው ከእጁ ሲወጣ በሚታየው ነውና ፎጣዎቹን በቀለም ቢለይ ይጠቀማል፤ አንዱን ለቀለም፣ አንዱን ለመስታወት፣ አንዱን ለውስጥ፣ አንዱን ለቸርኬ። ጸጉሩ የተኛው ወይም የደረቀው የቀለም ፎጣ ወደ ዳሽቦርድና ወንበር ይወርዳል፤ ከዚያ ወደ ቸርኬ፣ በመጨረሻም ሞተር ወደ መጥረግ። የቸርኬው የብሬክ ብናኝና የሞተሩ ግራሶ የገባበት ፎጣ፣ ደጋግሞ ቢታጠብም፣ ወደ ላይኛው ሥራ አይመለስም።