ፓምፑ አይስብም፣ አየሩ ነው የሚገፋው



ባለፈው ወር ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ልጅ ቀረበኝ። ትንሽ እያለ መድረሳ ያስተማርኩት ነው፤ አሁን እዚሁ አዲስ አበባ የእንጨት ሥራ ይሠራል። «ኡስታዝ፣ ተታለልኩ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቁርጥራጭ እንጨት ተስቢሕና የቢላ እጀታ ይሠራል። መልኩ የሚያምረው እንጨት ብዙውን ጊዜ ለስላሳው ነው፤ እሱ ደግሞ ሲቦረቦር ይፈርሳል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። መፍትሔው አየሩን ከእንጨቱ ውስጥ አውጥቶ በቦታው ሬዚን ማስገባት መሆኑን ሰማ። ለዚህ የሚሆነው ቫኪዩም ፓምፕ አዲሱ ውድ ሆነበት። ብር አጠራቅሞ ፍሪጅ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን ያገለገለ ፓምፕ ገዛ። ጌጁ ላይ ቁጥሩ እስከ 30 ተጽፏል፤ መርፌው ግን 22 ላይ ሲደርስ ቆመ። በየቪዲዮው የሚያያቸው ሰዎች ሁሉ 29 ይደርሳሉ። እቃውን ሊመልስ፣ ሻጩ እምቢ ካለም ሊጣላ ተነስቷል።

«ቆይ፣ ሰውን ከመክሰስህ በፊት ቁጥሩ ምን እንደሚል እንወቅ» አልኩት። ያን ቀን የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው። ረጅም ታሪክ ነው፤ መጀመሪያው ደግሞ ከእኛው ሊቃውንት ዘንድ ያልፋል።

አቡ ነስር አል-ፋራቢ በ339 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ950) ደማስቆ ውስጥ ያረፈ ፈላስፋ ነው። «ባዶነት» ማለትም ምንም ነገር የሌለበት ቦታ ይኖራል ወይ በሚለው ጥያቄ ላይ አጭር ድርሳን ጽፏል። ምሳሌው ቀላል ነው። ከጠርሙስ ውስጥ አየሩን በአፍህ መጥጠህ፣ አፉን በጣትህ ደፍነህ ውኃ ውስጥ ድፋውና ጣትህን አንሳ፤ ውኃው ወደ ላይ ይወጣል። ለምን? አል-ፋራቢ እንዳለው ጠርሙሱ ባዶ አልነበረም፤ የቀረው አየር ተለጥጦ ሞልቶት ነበር፤ አየሩ ወደ ልኩ ሲመለስ ውኃው ተከተለው። ባዶነት የለም ብሎም ደመደመ። በዛሬው ዕውቀት መልሱ ሙሉ አይደለም። ግን አየር ሊለጠጥና ሊሰበሰብ የሚችል አካል መሆኑን በጠርሙስና በውኃ ለማሳየት ሞክሯል።

ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በዲያርበክር የአርቱቆች ቤተ መንግሥት ያገለግል የነበረው አል-ጀዘሪ መጣ። በ602 ሂጅራ (1206) በጨረሰው የመሣሪያዎች መጽሐፉ ውስጥ የውኃ ፓምፕ አለ። ወራጅ ውኃ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት የመዳብ በርሜሎች ውስጥ ያሉትን ገፊዎች ያመላልሳል፤ አንዱ ሲመጥጥ ሌላው ወደ ላይ ይገፋል። የመምጠጫ ቧንቧ ካላቸው ቀደምት ፓምፖች አንዱ ነው ይሉታል የታሪክ ጸሐፊዎች። ይህ ሰው በወሬ አያምንም ነበር፤ በሥራ ያልተፈተነ ጥበብ በእውነትና በሐሰት መካከል እንደሚዋልል አስጠንቅቋል። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ከዚያ ወደ ጣሊያን እንሻገር። ጉድጓድ የሚያደርቁ ሰዎች አንድ ነገር አስቸገራቸው፤ ፓምፑ ምንም ቢጠነክር ውኃ ከ10 ሜትር ገደማ በላይ መጥጦ አያወጣም። ጋሊሊዮ በ1638 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን አነሳ፤ ትክክለኛውን ምክንያት ግን አላገኘም። ያገኘው ወዳጁ ቶሪቼሊ ነው። በ1644 የጻፈው ነገር፣ የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው የሚል ነበር። ፓምፕ ውኃን አይስብም፤ ውስጡን ያራቁታል እንጂ። ውኃውን የሚገፋው ከውጭ ያለው የአየር ክብደት ነው። በሜርኩሪ ሲሞክረው ከፍታው 76 ሴንቲሜትር ያህል ሆነ። ይህ በኢንች ሲለካ 30 ገደማ ነው። ልጁ ጌጅ ላይ ያለው 30 ከዚህ የመጣ ነው!

እንግዲህ የአየር ባሕር ከሆነ፣ ከፍ ወዳለ ቦታ ስንወጣ ከላያችን ያለው አየር መቀነስ አለበት። ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ይህን አስቦ የእህቱን ባል በ1648 ሜርኩሪውን ይዞ ፑይ ደ ዶም የሚባል ተራራ እንዲወጣ አደረገው። ጫፉ ላይ ሜርኩሪው ከታች ከነበረው በ8 ሴንቲሜትር ያህል ወርዶ ተገኘ።

አዲስ አበባስ? ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በኢንች ሜርኩሪ 22 ተኩል ገደማ። በዓለም ላይ አለ የተባለ ውድ ፓምፕ ብታመጣ፣ እዚህ ጌጁን ከዚያ አያሳልፈውም። ሊወጣ የሚችለው አየር ያው ነውና! የልጁ ፓምፕ 22 ላይ መቆሙ የጤናው ምልክት ነበር። ሻጩ ንጹሕ ነው።

ፓምፑ ራሱስ እንዴት እጃችን ገባ? የመጀመሪያውን የአየር ፓምፕ የሠራው የማግደቡርግ ከንቲባ የነበረው ኦቶ ፎን ጌሪከ ነው፤ በ1650 ገደማ። በ1657 ሁለት የመዳብ ንፍቀ ክበቦችን ገጥሞ አየሩን አወጣና በ16 ፈረሶች አስጎተታቸው። በእንግሊዝ ደግሞ ሮበርት ቦይል በሁክ እጅ አሠርቶ በ1660 ሥራውን አሳተመ። ያኔ ይህ መሣሪያ የነበራቸው በጣት የሚቆጠሩ ባለጸጎች ነበሩ።

ወደ እንጨት ያመጣው ባቡር ነው። ከሐዲድ ሥር የሚነጠፉ እንጨቶች ቶሎ እየበሰበሱ አስቸገሩ። ብሬያን የተባለ ፈረንሳዊ በ1831፣ ቤቴል የተባለ እንግሊዛዊ ደግሞ በ1838 መላ አገኙ። በቤቴል ዘዴ እንጨቱ የብረት ጋን ውስጥ ይገባል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከዚያ ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የተገኘ ዘይት በግፊት ይገባበታል። የልጁ የተስቢሕ ሥራ የዚህ ታናሽ ወንድም ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ፍሪጅ ሲስፋፋ ደግሞ ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ቧንቧውን ማራቆት ግድ ሆነ፤ በዚህም ያ የባለጸጎች መሣሪያ ጠጋኙ ቦርሳ ውስጥ ገባ።

ለመሞከር ለምታስቡ ጥቂት ምክር፦

ያገለገለ የፍሪጅ ጠጋኝ ፓምፕ ለቤት ሥራ ይበቃል። የአሮጌ ፍሪጅ ኮምፕሬሰርም በመምጠጫው በኩል ያገለግላል፤ ጋዙን ግን ባለሙያ ያውጣላችሁ። ስትገዙ አፉን ዘግታችሁ መርፌውን እዩ፤ አዲስ አበባ ላይ ወደ 22 ከደረሰና ሲጠፋ ቶሎ ካልወረደ ደህና ነው።

እንጨቱ ፍጹም ይድረቅ። ሬዚኑ ውስጥ ጠልቆ አረፋው እስኪያልቅ ፓምፑ ይሥራ። ከዚያ ፓምፑን አጥፍታችሁ አየር አስገቡና እንጨቱን እዚያው ሬዚኑ ውስጥ ተዉት፤ ሬዚኑ በብዛት የሚገባው አሁን ነው፣ የሚገፋው አየሩ ነውና። የእኛ አየር ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ ረዘም ላለ ጊዜ፣ ቢቻል ሌሊቱን ይደር። በመጨረሻ ሬዚኑ በሚጠይቀው ሙቀት ይደርቃል።

ስስ ጠርሙስ በፍጹም አትጠቀሙ። ወርዱ 25 ሴንቲሜትር በሆነ ክዳን ላይ በአዲስ አበባ እንኳ ወደ አራት ኩንታል የሚጠጋ ኃይል ያርፋል። እንደ ቲነር የሚቀጣጠል ነገር ያለበትን ሬዚን ወደ ፓምፑ አታቅርቡ፤ መስኮትም ክፈቱ።

ወንድሞቼ፣ «ይህን እኛ ጀመርነው» የሚል ጽሑፍ ሼር ማድረግ ይቀለናል። አል-ፋራቢ ያሰበውን በጠርሙስ አሳየ፤ አል-ጀዘሪ ሠርቶ ፈተነ። የእነሱ ልጅ መሆን ቁጥሩን ሳይረዱ ሻጭን ከመወንጀል በፊት መመርመር ነው። ልጁ ሻጩ ጋ ሄደ፤ እቃውን ሊመልስ ሳይሆን ስለ ክፉ ጥርጣሬው ዐውፍ ሊለው። ትላንት ደግሞ ከተጣለ የግራር ቁራጭ የሠራውን ተስቢሕ አመጣልኝ። አንድም ፍሬ አልተሰነጠቀም፣ አልሐምዱሊላህ።

ወላሁ አዕለም።